አባቴ የሞተው ባድመ አይደለም

ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ የምቆረጥበት ጸጉር ቤት አለ። ሦስት ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እዚያ ቤት ማንም ተቆርጦት የማያውቅ የጸጉር ስታይል ፎቶ። ቆራጩ ኤርትራዊ ነው። ደንበኞቹ “ወዲ ሰንዓፈ” ነው የሚሉት፣ የሰንዓፈ ልጅ ለማለት። አማርኛው ጥሩ ነው። “ቀ” ላይ ሲደርስ ብቻ ፊደሏን ከጉሮሮው ትንሽ ወረድ ብሎ ያመጣታል።

አንድ ቅዳሜ አጎቴን ይዤው ሄድኩ። እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ፣ እሱ ከኋላ ተራ ይጠብቃል። ቴሌቪዥኑ ስለ ባሕር በር ያወራል። አጎቴ ዝም ብሎ ዜና መስማት አይችልም።

“ያኔ ጨርሰነው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ አያስፈልግም ነበር” አለ። “አሸንፈን ተመለስን እኮ!”

ቆራጩ ማሽኑን ከጆሮዬ ሳያነሳ፣ “ማን ነው ያሸነፈው ጋሼ?” አለው።

“እኛ ነና! ባድመን አስለቀቅን፣ ምሽጉን ሰበርን፣ ባረንቱ ገባን። ያንተንም ሰንዓፈ ይዘናት ነበር። ትክደኛለህ?”

“አልክድም። ሰንዓፈ ገብታችኋል። የእናቴን ቤት ቆርቆሮም ይዛችሁ ሄዳችኋል። ግን አስመራ ገባችሁ? አሰብን ያዛችሁ? ፍርድ ቤቱስ ባድመ የማን ናት አለ?”

“የፍርድ ቤቱን ተወው! ጦርነት በዳኛ አይሸነፍም።”

“እሺ ጋሼ፣ በምንድነው የሚሸነፈው?”

ይሄኔ ጥጉ ላይ ስልኩን ሲነካካ የነበረ አንድ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም፣ ቀና ብሎ “ግን ባድመ ምን አላት?” አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው። ሁለቱም እኩል ዞረው “አንተ ዝም በል!” አሉት። ያን ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ያኔ የውጭ ጋዜጠኞች ጦርነቱን “ሁለት ራሰ በራዎች በማበጠሪያ የተጣሉበት” ይሉት ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ለቆራጩ ነግሬው ነበር። ጸጉር ቤት ስለሆንን ይስቃል ብዬ ነው። አልሳቀም። “ማበጠሪያው ላይ ስንት ሰው እንደሞተ ያልቆጠረ ሰው ነው እንዲህ የሚቀልደው” አለኝ። እኔም ሼም ያዘኝ። ምክንያቱም ከቆጠሩት ቤቶች አንዱ የእኛ ነው።

*

ይህን ክርክር እየሰማሁ ነው ያደግኩት፦ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ የጠጅ ብርሌ ፊት። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ። ተከራካሪዎቹ ብዙም አይዋሹም። እያንዳንዱ ሰዓቱን ለራሱ የሚመቸው ቀን ላይ ያቆመዋል፣ በቃ። ኳስ ጨዋታን 30ኛው ደቂቃ ላይ አስቁሞ ውጤቱን እንደማወጅ ነው።

ግንቦት 4 ቀን 1990 ላይ ካቆምከው የኤርትራ ጦር በታንክ ታጅቦ ባድመን ይዟል፤ ኤርትራ እየመራች ነው። የካቲት 1991 ላይ ካቆምከው “ፀሐይ ግባት” የተባለው ዘመቻ ምሽጉን ሰብሮ ባድመን አስመልሷል፤ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ወጥታ ትጨፍራለች። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት ላይ ካቆምከው ደግሞ የእኛ ጦር ጾሮና ግንባር ላይ አጥቅቶ፣ ብዙ ሰውና ብዙ ታንክ አጥቶ፣ ምሽጉን ሳይሰብር ቀርቷል። ኤርትራ ጋዜጠኞች ጠርታ የወደቁትን አሳይታለች።

ግንቦት 1992 ላይ ብታቆመው እንደገና ይገለበጣል። በሦስተኛው ዙር ባረንቱ ተያዘች፣ ዛላምበሳ ተመለሰች፣ ሰንዓፈ ተያዘች። ሰኔ 11 ቀን 1992 አልጀርስ ላይ ተኩስ ለማቆም ሲፈረም፣ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የጸጥታ ቀጠና ሙሉ በሙሉ ኤርትራ መሬት ላይ እንዲሆን ነው የተስማሙት። የአጎቴ ሰዓት እዚህ ላይ ነው የቆመው። ባትሪውን አውጥቶታል።

የቆራጩ ሰዓት ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ላይ ነው ያለው። ሁለቱ መንግሥታት ብይኑ የመጨረሻና ይግባኝ የሌለው ነው ብለው የፈረሙለት የድንበር ኮሚሽን መስመሩን አሰመረ፤ በመስመሩ መሠረት ባድመ የኤርትራ ሆነች። በነጋታው ግን ነገሩ ግልጽ አልነበረም። በኮሚሽኑ ካርታ ላይ ባድመ በስሟ አልተጻፈችም ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ ተወሰነች ብለው አበሰሩ። አስመራም ድል ነው አለች። ለጥቂት ጊዜ አንዲት መንደር በሁለት ከተማ በአንድ ቀን ተጨፈረላት።

ሌላም ሰዓት አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ከድንበር ኮሚሽኑ ጎን ሌላ የካሣ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ታኅሣሥ 1998 ይህ ኮሚሽን፣ ኤርትራ በግንቦት 1990 ኃይል ተጠቅማ ባድመን ስትይዝ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ጥሳለች አለ። ልብ በል። አንደኛው ኮሚሽን መሬቱ ያንቺ ነው አላት፤ ሌላኛው ደግሞ የያዝሽበት መንገድ ሕገ ወጥ ነው አላት። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ጸጉር ቤት ውስጥ ግን አብረው አይቆሙም።

ነሐሴ 2001 የካሣው ሒሳብ ወጣ። ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ለተባረሩ ሰዎች፣ ለተዘረፉ ቤቶች፣ በክፉ ለተያዙ ምርኮኞች፣ ሰንዓፈ አጠገብ ለተመታው የጥንቱ የመጠራ ሐውልት ሳይቀር ዋጋ ወጥቷል። ተቀናንሶ ሲታይ ልዩነቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ለእኛ። ማን አሸነፈ ለሚለው ጥያቄ በቁጥር የተሰጠ መልስ ካለ ይሄው ነው። ማንም ለማንም አልከፈለም።

የሞቱት ደግሞ በዚህ ሒሳብ አይገቡም። ኤርትራ ሰኔ 1993 ላይ 19,000 ወታደር ሞቶብኛል ብላ አስታወቀች። በእኛ በኩል ስም በስም ተዘርዝሮ ለሕዝብ የወጣ መዝገብ የለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት የሁለቱ ተደምሮ ከ70,000 እስከ 100,000 ይደርሳል ይላል። በ70 እና በ100 መካከል ያለችው 30,000 ሙሉ ከተማ ናት።

*

አባቴ ታንከኛ ነበር። የቀድሞው ሠራዊት አባል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከኤርትራ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ከስቶ፣ እግሩ አብጦ ሳሪስ ገባ። እናቴ በሩ ላይ ስታየው ለማኝ መስሏት ነበር ትላለች። ከዚያ ጋራዥ ገባ። እኔ ተወለድኩ። ቅባት ቅባት የሚሸት ቱታውን አስታውሳለሁ። ድምፁን አላስታውስም።

ጦርነቱ ሲመጣ ሙያ ያላቸው የድሮ ወታደሮች ተጠሩ። መድፈኛ፣ አብራሪ፣ ታንከኛ። ደርግ ተብለው የተበተኑት ሰዎች እንደገና አስፈለጉ። እናቴ አትሂድ ብላዋለች። እሱ ግን “እዚያ አገር ተሸንፌ ነው የወጣሁት” አላት ይባላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት። ሰውየው ሁለተኛ የሄደው የመጀመሪያውን ውጤት ሊያስተካክል ነው።

የሄደው ጥቅምት 1991 ነው። መጋቢት ላይ ጾሮና ቀረ። መጀመሪያ የነገረን በክራንች የመጣ ጓደኛው ነው። ታንኮቹ ወደ ምሽጉ ሲገቡ አይቶታል፣ “ከዚያ በኋላ አላየሁትም” አለ፣ ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ። ወረቀቱ የመጣው በጣም ቆይቶ ነው። አስከሬን የለም። መቃብር የለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ፣ እሱም ለመታወቂያ የተነሳው ጉርድ ተለቅቆ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ልጅ “አባትህ የት ነው የሞተው?” አለኝ።

“ባድመ” አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ያኔም አውቀዋለሁ። ባድመን ሁሉም ያውቃታል። ዘፈን አላት። ባድመ ያለ ልጅ የጀግና ልጅ ነው። ጾሮና የሚለው ስም ግን የሚጠራው እኛ ቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱም በሹክሹክታ። ቴሌቪዥን ላይ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አባቴ በአንድ ወር ልዩነት የተሸነፈ ግንባር ላይ ከሚሞት፣ እኔ ወስጄ የተሸነፈው ሌላ ሰው የሆነበት ግንባር ላይ አስቀመጥኩት። በልጅ አቅሜ አባቴን አስመራጭ ቦርድ ፊት ያቀረብኩት ያህል ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሚኒስትሩ ባድመ የእኛ ናት ሲሉ አጎቴ ቢራ ገዝቶ መጣ። ትምህርት ቤት ልጆቹ “የአባትህ አገር ተመለሰች” አሉኝ። ያን ሰሞን ሁለት ልጆች ብስኩት አካፈሉኝ። ዓመት ሳይሞላ ግን ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ በሬዲዮ መሰማት ጀመረ። እኔ ያዘንኩት ለአገር አልነበረም። ውሸቴን ነው የወሰዱብኝ።

ግንቦት 28 ቀን 2010 ደግሞ መንግሥት ብይኑን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ አለ። ቀኑን ያስተዋለ ሰው ይኖራል። ልክ ከ20 ዓመት በፊት ግንቦት 28 ቀን 1990 ነው መቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን የተደበደበው። አጎቴ ተነስቶ ጮኸ። ታዲያ ለምን ሞቱ አለ፣ ቴሌቪዥኑን ዝጉት አለ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ “ጡረታው አይቆምም አይደል?” ብላ ጠየቀችኝ።

አጎቴ ደነገጠባት። እኔም ትንሽ አፈርኩ። ዛሬ ግን ሳስበው በዚያ ቤት ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት። 20 ዓመት ሙሉ ባድመ ለእሷ በየወሩ የምትቀበላት ብር ነበረች።

ከወር በኋላ ስልክ ተከፈተ። ለ20 ዓመት ተቆርጦ የነበረው መስመር ሲቀጠል፣ ሰዎች ማንን እንደሚያገኙ ሳያውቁ ዝም ብለው አስመራ ይደውሉ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን አውሮፕላን በረረ። ያው አጎቴ፣ ቴሌቪዥኑን ዝጉት ያለው ሰውዬ፣ ኤርፖርት ላይ አባትና ልጆች ሲተቃቀፉ እያየ እንባውን በጋቢው ይጠርግ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳ ድንበር ተከፈተ፤ ወራት ሳይቆይ ደግሞ ተዘጋ። ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ተነሳ፣ የኤርትራ ጦርም ገባ። ያቺ ዛላምበሳ፣ በመጀመሪያው ጦርነት ፈርሳ የተሠራችው፣ እንደገና ፈረሰች። እዚያ ያለ ሰው ማን አሸነፈ ብለህ ብትጠይቀው ምን እንደሚልህ እንጃ።

*

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ፣ በአንድ የሥራ ቀን ከሰዓት ብቻዬን ጸጉር ቤቱ ሄድኩ። ሰው አልነበረም። ፎጣውን አንገቴ ላይ አሰረና ማሽኑን አበራ።

“ያኔ የት ነበርክ? በጦርነቱ ጊዜ።”

“ብዙ ቦታ። ከሳዋ ወጥተን ብዙ ቦታ ወሰዱን።”

“ጾሮናስ?”

ማሽኑ ቆመ። “ለምን ጠየቅከኝ ወንድሜ?”

“አባቴ እዚያ ነው የቀረው። ታንከኛ ነበር።”

“መጋቢት?”

“መጋቢት።”

ማሽኑን አጠፋው። በመስተዋቱ ውስጥ እያየሁት ነበር፤ እሱ መስተዋቱን አላየም። ጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሦስት ቀን ያህል እንዳልተኛ፣ ጆሮው እንደደነቆረ፣ ከሳዋ ጀምሮ አብሮት የነበረ ልጅ አጠገቡ እንደሞተ ነገረኝ። “ያን ዕለት አሸንፋችኋል አሉን። ዘፈኑ፣ ጭፈራው ሌላ ነው። እኔ የምፈልገው ውሃ ነበር።”

ጋዜጠኞች አፍንጫቸውን ይዘው መጡ አለ። ፎቶ አንስተው ሄዱ።

መጠየቅ ያለብኝን ለመጠየቅ ጊዜ ወሰደብኝ። “ቀበራችኋቸው?”

“ቀብረናል። እኔም በእጄ ቀብሬያለሁ።” ትንሽ ዝም አለ። “ሁሉንም ግን ማለት አልችልም። ልዋሽህ አልፈልግም። በፈንጂው መሐል የነበሩት… ሁሉንም ማለት አልችልም።”

ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ ራሱ ቀጠለ። ሳዋ ሲገባ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ነው ተብሎ ነበር። ጦርነቱ መጣ፣ ሲያልቅ ትሄዳላችሁ ተባሉ። ጦርነቱ ቆመ፣ ድንበሩ ሲሠመር ተባሉ። ድንበሩ በወረቀት ተሠመረ፣ ኢትዮጵያ ከባድመ ስትወጣ ተባሉ። 20 ዓመት አገለገለ። ድንበሩ በተከፈተች በዚያች አጭር ጊዜ በዛላምበሳ በኩል በእግሩ ወጣ።

“ከአጎትህ ጋር የምከራከረው ልማድ ሆኖብኝ ነው” አለኝ። “ያሸነፈ ሰው እኮ ቤቱ ይሄዳል።”

ተነስቶ ቆርጦ ጨረሰኝ። ልከፍለው ስል እምቢ አለ። እኔም እምቢ አልኩ። ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስወጣ ተከትሎኝ መጥቶ ኪሴ ውስጥ ከተተው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ጾሮና የነበረ ሰው አገኘሁ አልኳት። የማን ወገን እንደሆነ አልደበቅኳትም። እናቴ ስለ ምሽጉ አልጠየቀችም፣ ስለ ታንኩም አልጠየቀችም።

“አፈር አልብሰውታል?” አለች።

“አዎ” አልኩ። “ሁሉንም ቀብረናል ነው ያለኝ።”

እንዳላለኝ ታውቃላችሁ። ይሄ ስለ አባቴ የዋሸሁት ሁለተኛው ውሸት ነው። የመጀመሪያው ለራሴ ነበር።

“እግዜር ይስጣቸው” አለች እናቴ። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። 25 ዓመት ሙሉ ጅብ በልቶት ይሆን እያለች ስታስብ እንደኖረች የገባኝ ያን ማታ ነው። አንድም ቀን ድምፅ አውጥታ ብላው አታውቅም።

መጋቢት ሲመጣ እንደ ሁልጊዜው ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ቡና ተፈላ። ሩቡን ቆርጣ በላስቲክ ጠቅልላ “ለዚያ ልጅ አድርስለት” አለችኝ። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። ለእሷ ግን ያ ልጅ ነው።

ስደርስ አጎቴ ቀድሞኝ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቷል። ዳቦውን ለቆራጩ ሰጠሁት። የማን መታሰቢያ እንደሆነ ነገርኩት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው፣ ቆርሶ ለአጎቴ ሰጠው፣ ጥጉ ላይ ላለው ደንበኛም ሰጠ፣ ራሱም ጎረሰ።

ለትንሽ ጊዜ ጸጥ ብለው በሉ።

“ግን ባረንቱ ገብተናል” አለ አጎቴ፣ አፉን ሳይጨርስ።

“አስመራስ ጋሼ?” አለ ቆራጩ፤ ማሽኑን አበራ።